ማቀዝቀዣ በሌለው የሸራ ጀልባ ለ25 ቀን የባህር ጉዞ ውሃና ምግብ እንዴት ይያዛል?

ጥያቄ፦ የሸራ ጥላ

ሰላም ለሁላችሁም። ሦስት ሰዎች ሆነን 11 ሜትር ርዝመት ባላት የሸራ ጀልባ ከጋላፓጎስ ደሴቶች ተነስተን የፓስፊክን ውቅያኖስ ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች ለማቋረጥ በመዘጋጀት ላይ እንገኛለን። ርቀቱ 3,000 የባህር ማይል ያህል ነው። ጀልባዋ በሰዓት በአማካይ 5 የባህር ማይል ብትጓዝ በቀን 120 የባህር ማይል ስለምትሸፍን፣ ጉዞው 25 ቀን ይወስዳል ብለን አስልተናል። በመካከሉ ውሃ የሚቀዳበትም ሆነ ስንቅ የሚሞላበት ምንም ዓይነት ወደብ የለም።

ጀልባችን ማቀዝቀዣ የላትም። ከፀሐይ የምናገኘው ኤሌክትሪክ ለማታ መብራት፣ ለሬዲዮና ለአቅጣጫ መሣሪያዎች ብቻ እንዲውል ስለወሰንን ማቀዝቀዣ የማስገባት ሐሳብም የለንም። ለውሃ እያንዳንዳቸው 150 ሊትር የሚይዙ ሁለት ታንከሮች አሉን። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ብንመድብ ሦስታችን በ25 ቀን የምንጠቀመው 300 ሊትር ስለሚሆን፣ ያለን መጠን ልክ ይመጣል። ይሁንና ከዚህ ቀደም የተጓዝናቸው ጉዞዎች ሁሉ ከጥቂት ቀናት ያልበለጡ በመሆናቸው፣ በወረቀት ላይ የሠራነው ስሌት ባህር ላይ የሚያዛልቅ መሆኑን ከእናንተ ለመስማት እንፈልጋለን። በተጨማሪም አትክልት፣ ፍራፍሬና እንቁላል ያለ ማቀዝቀዣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩና እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ተበስሎ የተረፈ ምግብም ለቀጣዩ ማዕድ ሊደርስ ይችል እንደሆነ ብታስረዱን በእጅጉ እናመሰግናለን።

መልስ፦ ደቡብ ነፋስ

ጠያቂያችን፣ የስሌትዎ ቁጥር ትክክል ነው፤ የሚያሳስበኝ ልክ መምጣቱ ነው። 300 ሊትር ለ25 ቀን ይበቃል ማለት በ26ኛው ቀን ጠብታ የለም ማለት ነው። ከጋላፓጎስ የሚነሱ ጀልባዎች የደቡብ ምሥራቁን ቋሚ ነፋስ እስኪያገኙ ድረስ በደካማ ነፋስ ቀናትን ማሳለፋቸው የተለመደ ነው፤ ምሰሶ ወይም መሪ የተሰበረ እንደሆነ ደግሞ የቀረው መንገድ በግማሽ ፍጥነት ሊፈጸም ይችላል። ስለዚህ ለውሃ የሚያዘው ቀን የጉዞው ቀን ከነእኩሌታው ነው፤ ለ25 ቀን መንገድ የ38 ቀን ውሃ ያስፈልጋል ማለት ነው። በቀን 4 ሊትር የሚለው ምደባ መጠጥን፣ ማብሰያንና መጠነኛ መታጠቢያን ያካተተ ደህና መጠን ነው። ችግር ሲመጣ ወደ 3 ሊትር ሊቀነስ ይችላል፤ በሞቃት ባህር ላይ እየተፈራረቀ ዘብ ለሚቆምና ሸራ ለሚስብ ሰው ግን ከዚያ በታች እንዲታቀድ አልመክርም። በ3 ሊትር ብቻ እንኳ ሦስት ሰው ለ38 ቀን 342 ሊትር ይፈልጋል፤ ከያዛችሁት 42 ሊትር ይበልጣል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ባለ 20 ሊትር ስድስት ጀሪካኖች ብትጨምሩ ጠቅላላው 420 ሊትር ይሆናል፤ ይህም በቀን 4 ሊትር ሂሳብ ለ35 ቀን፣ በ3 ሊትር ሂሳብ ለ46 ቀን ያህል ይበቃል። የሚጨምረው 120 ኪሎ ክብደት በጀልባዋ መካከልና በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ ይታሰር፤ በአፍንጫዋ ወይም በጭራዋ ላይ ከተከመረ በማዕበል ላይ ያንገላታታል። ጀሪካኖቹን እስከ አፋቸው አትሙሉ፤ ጥቂት አየር የተተወላቸው ከሆነ ጀልባ ጥሎ መውጣት ግድ ሲሆን ወደ ባህር ቢወረወሩ ይንሳፈፋሉ። ከመካከላቸው ሁለቱ ምንጊዜም በመውጫው አጠገብ፣ ከነፍስ አድን ጀልባው ጎን ተዘጋጅተው ይቀመጡ።

የጀሪካን ጥቅም ግን መጠን በመጨመር ብቻ አያበቃም፤ እንዲያውም እኔ ከመጠኑ ይልቅ መከፋፈሉን አስቀድማለሁ። በአንድ ትልቅ ታንከር የተጠራቀመ ውሃ በአንድ ስንጥቅ ይፈስሳል፣ በላይኛው ወለል ላይ ባለው የመሙያ ክዳን በኩል በገባ የባህር ውሃም በአንድ ሌሊት ይበላሻል። ሁለቱን ታንከሮች የሚያገናኝ ቧንቧ ካለ ቁልፉን ዝጉት። ከመጀመሪያው ታንከር ብቻ እየተጠቀማችሁ እስኪያልቅ ከሄዳችሁ በኋላ ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ። በዚህ አሠራር እውነተኛውን የፍጆታ መጠናችሁን ያለ ምንም መለኪያ ታውቁታላችሁ፦ በቀን 12 ሊትር ከተጠቀማችሁ የመጀመሪያው ታንከር የሚያልቀው በ13ኛው ቀን ላይ ነው። በ9ኛው ቀን ካለቀ፣ ከቀሪው ውሃ ገና ብዙ እያለ ልማዳችሁን ለማስተካከል ጊዜ ታገኛላችሁ ማለት ነው። ወደ ታንከሩ በየጠዋቱ ዘንግ አስገብቶ ከፍታውን መለካትና በጉዞ መዝገብ ላይ ማስፈርም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የኤሌክትሪክ ፓምፕ ካላችሁ ማጥፊያውን አጥፉና በእጅ ወይም በእግር የሚሠራውን ፓምፕ ብቻ ተጠቀሙ። ቧንቧ ከፍቶ መታጠብ የለመደ ሰው የሚያፈስሰውን ውሃ አያስተውልም፤ ለእያንዳንዱ ኩባያ ፓምፕ የሚረግጥ ሰው ግን ሳይመከር ይቆጥባል። ዕቃ በባህር ውሃ ይታጠባል፤ ሳሙናውም በባህር ውሃ የሚያረፋ ይሁን። መጨረሻ ላይ ጨው እንዳይቀርበት በመርጫ ጠርሙስ ጥቂት ንጹህ ውሃ ይረጭበታል። ገላም እንዲሁ ነው።

ለማብሰያ አንድ እጅ የባህር ውሃ በሁለት እጅ ንጹህ ውሃ ቀላቅሎ ፓስታ መቀቀል ይቻላል። የውቅያኖስ ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው፣ ድብልቁ በሊትር ወደ 12 ግራም ይጠጋል፤ ይህም ፓስታ በተለምዶ ከሚቀቀልበት የጨው መጠን ብዙም አይርቅም። ድንች ከነልጣጩና እንቁላል ደግሞ በንጹህ የባህር ውሃ ብቻ ሊቀቀሉ ይችላሉ። ነገር ግን ሩዝና ምስር ውሃውን ሁሉ መጥጠው የሚበስሉ በመሆናቸው ጨውንም አብረው ይይዛሉ፤ ለእነሱ ድብልቁ ይበዛል። የባህር ውሃ ለመጠጥ ግን በምንም ዓይነት፣ በጥቂቱም ቢሆን፣ አይታሰብም። ኩላሊት ያን ያህል ጨዋማ ሽንት ማውጣት ስለማይችል፣ የገባውን ጨው ለማስወገድ ሰውነት ከጠጣው የበለጠ ውሃ ይከፍላል።

ስለ ውሃው ንጽሕናም አንድ ነገር ልጨምር። በጋላፓጎስ የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ ስለማይመከር የምትቀዱትን ውሃ ምንጭ አጣሩ፤ ወደ ታንከሩ ከማፍሰሳችሁ በፊትም ቅመሱት። የመጣው ውሃ ጥራት ካጠራጠረ፣ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ በረኪና ለአንድ ሊትር ጥሩ ውሃ 2 ጠብታ ይጨመርበትና 30 ደቂቃ ይቆይ፤ ውሃው ደፍረስ ካለ መጀመሪያ በጨርቅ ይጠለል፣ ጠብታውም እጥፍ ይሁን። ከጉዞው አስቀድሞ ታንከሮቹን ራሳቸውን ከፍቶ መፋቅና ማጠብ ግን ከሁሉ ይቀድማል፤ በድፍድፍ ላይ የተጨመረ በረኪና ኃይሉን በድፍድፉ ላይ ይጨርሳል።

ዝናብን በተመለከተ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 3 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የጥላ ሸራ ከአንድ የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 30 ሊትር ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን ሸራው በጨው የተሸፈነ ስለሚሆን የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዝናብ አጥቦት እንዲፈስ ይተዋል። የዝናብ ውሃ ወደ ጀሪካን እንጂ ወደ ታንከሩ አይጨመር። ይህን ሁሉ አዘጋጁ፤ በስሌታችሁ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ካልዘነበ የሚተካው የለም። በእጅ የሚሠራ ትንሽ የባህር ውሃ ማጣሪያም ከነፍስ አድን ዕቃ ጋር ቢኖር እጅግ እመክራለሁ። አንድ ሊትር ለማግኘት አንድ ሰዓት ያህል ማንቀሳቀስ ስለሚጠይቅ የዕለት ምንጭ አይሆንም፤ ነፍስ ለማቆየት ግን በቂ ነው።

መልስ፦ ማዕድ ቤት

ስለ ውሃው የተሰጠውን ምክር ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ እኔ ወደ ምግቡ ልሂድ። ያለ ማቀዝቀዣ የሚጓዝ ሰው የሚያስፈልገው ዋና ዕውቀት የትኛው ምግብ ቀድሞ እንደሚበላሽ ማወቅና በዚያው ቅደም ተከተል መብላት ነው። ሰላጣ ቅጠል፣ የበሰለ ቲማቲምና ሙዝ በመጀመሪያው ሳምንት ያልቃሉ። ፖም፣ ካሮትና ብርቱካን በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ይከተላሉ፤ ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ዱባና ሎሚ ግን በደንብ ከተያዙ እስከ ጉዞው መጨረሻ ይዘልቃሉ። በየቀኑ አንድ ሰው ሁሉንም እየዳሰሰ ይመርምር፤ አንድ የበሰበሰ ድንች በጎኑ ያሉትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

በግዢ ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ የወጣ አትክልት አትግዙ፤ ከቅዝቃዜ ወጥቶ ሙቀት ያገኘው ፈሳሽ ያወጣና በፍጥነት ይሻግታል። ከእርሻው በቀጥታ የመጣ፣ ያልታጠበና ያልተቀጠቀጠ ምረጡ። ቲማቲም ከቀይ እስከ አረንጓዴ ባለው ልዩ ልዩ ደረጃ ቢገዛ በየተራ ይበስላል። ሙዝ ግን አንዱ ሲበስል ሌላውን ስለሚያነሳሳ ምንም ብትለፉ ባንድ ላይ ይደርሳል። ሙዝና ፖም የሚያወጡት ጋዝ ሌላውንም ፍሬ ስለሚያበስል ለብቻቸው ይሰቀሉ። ድንች በጨለማና አየር በሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ፤ ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴውም ክፍል መርዛማ ስለሆነ አይበላም። ድንችና ሽንኩርት ባንድ ላይ አይቀመጡ። ጥቅል ጎመን በቢላዋ ለሁለት አይከፈል፤ ከውጭ በኩል ቅጠል በቅጠል እየተላጠ ቢበላ ውስጡ ሳምንታት ይቆያል። ሎሚና ብርቱካን እያንዳንዳቸው በወረቀት ቢጠቀለሉ የአንዱ ሻጋታ ወደ ሌላው አይተላለፍም። ሁሉንም የሚይዝ መረብ ከጣራው ላይ ሲሰቀል ጀልባዋ በተንገዳገደች ቁጥር ከግድግዳ ጋር እንዳይላተም ቦታው በጥንቃቄ ይመረጥ፤ ፍራፍሬን ከሙቀት ባልተናነሰ የሚያበላሸው መቀጥቀጥ ነው።

እንቁላል ለዚህ ዓይነት ጉዞ ታላቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፦ ያልታጠበ መሆኑና ወደ ማቀዝቀዣ ገብቶ የማያውቅ መሆኑ። የእንቁላል ቅርፊት በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን፣ ዶሮዋ ስትጥለው የሚሸፍነው ስስ ልባስ እነዚያን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ ማጠብ ያንን ልባስ ያስወግዳል። ልባሱን ለማገዝ ቅርፊቱን በስሱ ቫዝሊን መቀባት ውሃው እንዳይተንና አየር እንዳይገባ ያደርጋል። በየሁለት ቀኑ መያዣውን መገልበጥ አስኳሉ ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ ከቅርፊቱ ጋር እንዳይጣበቅ ይረዳል። እንዲህ የተያዘ እንቁላል ለሳምንታት ይቆያል። ከመጠቀማችሁ በፊት በውሃ ውስጥ አስገቡት፦ ተጋድሞ ከታች የሚቀር ትኩስ ነው፣ የሚቆም ያረጀ ነው፣ የሚንሳፈፍ ይጣል። ሆኖም ይህ ፈተና የሚናገረው ስለ ዕድሜው ብቻ መሆኑን አትዘንጉ፤ ውስጡ ያለ ተህዋስን አያሳይም። ስለዚህ ለብቻው ኩባያ ውስጥ ሰብሮ ማሽተት፣ ከዚያም አስኳሉ እስኪጠነክር ማብሰል ያስፈልጋል።

ቅቤ የሚፈልግ ሰው ንጥር ቅቤ ይያዝ፤ ውሃውና የወተቱ ቅሪት ስለወጡለት በሙቀት ቶሎ አይበላሽም። ወተት በከፍተኛ ሙቀት ታክሞ በካርቶን የታሸገውን በትናንሽ መጠን ግዙ፣ አንዴ ከተከፈተ በዕለቱ ማለቅ አለበትና። ዱቄት ወተት ከዚያም የበለጠ ይመቻል። ጥራጥሬ፣ ሩዝ፣ አጃና ዱቄት ክዳናቸው ጠበቅ ባሉ ዕቃዎች ተከፋፍለው ይቀመጡ፤ አንዱን ነቀዝ ቢይዘው የቀሩት ይድናሉ። የዕቃ ካርቶን በምንም ምክንያት ወደ ጀልባዋ አይግባ፤ በረሮ እንቁላሉን ይዞ የሚገባው በካርቶን እጥፋት ውስጥ ነው። የቆርቆሮ ምግቦች ላይ የተለጠፈው ወረቀት በእርጥበት ተልጦ ውስጣቸው ያለው እንዳይጠፋባችሁ፣ ስሙንና ቀኑን በማይለቅ ቀለም ክዳኑ ላይ ጻፉት። ያበጠ ወይም የሚያፈስስ ቆርቆሮ ሳይቀመስ ወደ ውጭ ይጣል።

በስንቅ ዝርዝር ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ጉዳይ አለ። ምስር፣ ሽምብራና ሩዝ ክብደታቸው ቀላልና ዋጋቸውም አነስተኛ ቢሆንም ለመበላት ውሃና ጋዝ ይፈልጋሉ፤ የቆርቆሮ ምግብ ግን ውሃውን ይዞ ይመጣል፤ ካስፈለገም ሳይሞቅ ይበላል። ስለዚህ ለእነዚያ ተጨማሪ 13 ቀናት የሚያዘው የመጠባበቂያ ምግብ በዋነኝነት የቆርቆሮ ይሁን። ውሃ ያጠረበት ሰው ደረቅ ምግብ ብቻ ከቀረው ሁለት ችግር ባንድ ላይ ይገጥመዋል። በነፍስ አድን ጀልባ ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ ዓሣና ሥጋ ያለ በቂ ውሃ መብላት ጥማቱን ያባብሰዋል፤ ሰውነት የፕሮቲንን ተረፈ ምርት ለማስወገድ ውሃ ይጠይቃልና።

ስለ ቫይታሚን ሲ የሚጨነቁ ተጓዦች ብዙ ናቸው። የብሪታንያው የባህር ኃይል ሐኪም ጄምስ ሊንድ በ1747 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በስኩርቪ (ቫይታሚን ሲ በማጣት በሚመጣ በሽታ) የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ የተለያየ ነገር ሲሰጣቸው፣ ፈጥነው ያገገሙት ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ነበሩ። የባህር ኃይሉ የሎሚ ጭማቂን በመደበኛነት ማደል የጀመረው ግን በ1795 ነው። ሊንድ ራሱ ጭማቂውን በእሳት አጠንክሮ ማቆየትን መክሮ ነበር፤ ሙቀቱም ዋናውን ፈውስ አጠፋው። የበሽታው ምልክት የሚታየው ቫይታሚኑ ከተቋረጠ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ ደህና ሲመገቡ የከረሙ ሰዎች በ25 ቀን ጉዞ ይታመማሉ ተብሎ አይሰጋም። ቢሆንም ጥሬ ጎመን በሎሚ በየቀኑ ማዕድ ላይ ቢቀርብ ለአካልም ለመንፈስም ይጠቅማል። ምስር ወይም ማሾ ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ በንጹህ ውሃ እያለቀለቁ ማብቀልም ሌላ አማራጭ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ትኩስ ቡቃያ ይገኛል፤ ሞቃትና እርጥብ ቦታ ለባክቴሪያም ስለሚመች ግን ለአንድ አፍታ በፈላ ውሃ ውስጥ ቢያልፍ ይሻላል።

መልስ፦ ረጅም ገመድ

ከላይ የተሰጡት ሁለት መልሶች ብዙውን ነገር ስለሸፈኑት፣ ጠያቂያችን ስለተረፈ ምግብ ያነሱትን ብቻ ላንሳ። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት በዚህ ጉዞ ላይ የግድ ያስፈልጋችኋል፤ ጋዝ ይቆጥባል፣ ጥራጥሬን በአጭር ጊዜ ያበስላል፣ ክዳኑ ስለሚቆለፍም ድስቱ በማዕበል ቢገለበጥ የፈላ ውሃ በሰው ላይ አይፈስስም። ብዙ የረጅም ጉዞ ተጓዦች ማታ የተረፈውን ወጥ በዚሁ ድስት እንደገና እስከ ሙሉ ግፊት አፍልተው፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ እስከ ማግስቱ ያሳድሩታል። ሙቀቱ ውስጥ ያለውን ተህዋስ ስለሚገድል፣ ክዳኑም ከውጭ የሚገባውን ስለሚከላከል፣ ያለ ማቀዝቀዣ ምግብ የማሳደሪያ ጥሩ መንገድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መልስ፦ ማዕድ ቤት

ስለ ድስቱ ጥቅም ከረጅም ገመድ ጋር እስማማለሁ፤ ስለ ማሳደሩ ግን አልስማማም፤ ጉዳዩ የጤና ስለሆነም ዝም ብዬ ላልፈው አልፈልግም። ድስቱ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረው እንፋሎት ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ግፊቱም ስለሚወርድ አየር በመክፈቻው በኩል ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ ክዳኑ እንደታሸገ ጣሳ ሊቆጠር አይችልም። ከዚህም በላይ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ዘራቸው ሙቀትን የሚቋቋም በመሆኑ ለአጭር ጊዜ መፍላት አያጠፋቸውም። በ30 ዲግሪ ሙቀት በሚያድር ካቢን ውስጥ ለብ ብሎ የቆየ ወጥ ለእነሱ ምቹ መራቢያ ነው። የተለመደው የምግብ ደኅንነት መመሪያ የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ የአካባቢው ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ ይላል።

ሩዝ በተለይ ያሳስበኛል። ባደረ ሩዝ ውስጥ የሚራባው ባሲለስ ሴሪየስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው አስመላሽ መርዝ እንደገና በማፍላት አይጠፋም። በመሬት ላይ የአንድ ሌሊት ሕመም የሆነ ትውከትና ተቅማጥ፣ ውሃ በሊትር ተቆጥሮ በሚሰጥበት ጀልባ ላይ የሦስቱንም ተጓዦች ሕይወት የሚፈታተን ጉዳይ ነው። ለሦስት ሰው አንድ ጊዜ የሚበላውን ያህል ብቻ ለክታችሁ አብስሉ። መጠኑን በመጀመሪያው ሳምንት በትክክል ትለምዱታላችሁ።

የጠያቂው ምላሽ፦ የሸራ ጥላ

ለሰጣችሁን ዝርዝር መልስ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስድስት ጀሪካኖችን ለመጨመር፣ ሁለቱን ታንከሮች ለመለያየትና የመጠባበቂያውን ምግብ በቆርቆሮ ለማድረግ ከጓደኞቼ ጋር ተስማምተናል። በተረፈ ምግብ ረገድም ማዕድ ቤት የሰጡትን ጥንቃቄ እንከተላለን። አንድ ነገር ግን ቀርቶናል፦ በመንገድ ላይ ዓሣ ለማጥመድ መስመር ይዘናል። የተጠመደ ዓሣ ያለ በረዶ እንዴት ይያዛል? በማርኬሳስ ደርሰን በባህር ዳርቻው የምናጠምደውስ ከውቅያኖሱ ዓሣ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል?

መልስ፦ ደቡብ ነፋስ

ሁለቱን ለይታችሁ መጠየቃችሁ ትክክል ነው፤ አደጋዎቻቸው የተለያዩ ናቸውና። በውቅያኖስ መካከል የምታገኟቸው ቱናና ማሂ ማሂ ወዲያው ከተበሉ ድንቅ ምግብ ናቸው። ነገር ግን በሥጋቸው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ዓሣው በሙቀት ሲቆይ በባክቴሪያ አማካይነት ወደ ሂስታሚን ይለወጣል። ሂስታሚን አንዴ ከተፈጠረ በመጥበስም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም፤ ዓሣው ሲታይና ሲሸተት ደህና ሊመስል ይችላል። ፊት የሚያቀላ፣ ራስ የሚያሳምም፣ ልብ የሚያስመታ ሕመም ከበሉ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። በአፍ ላይ እንደ በርበሬ የሚያቃጥል ዓሣ ካጋጠማችሁ ወዲያው ተፉት።

ስለዚህ ዓሣው እንደወጣ ይታረድ፣ ደሙ ይፍሰስ፣ ሆድቃው ይውጣ፤ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ በጥላ ሥር ይሁንና ሳይውል ይብሰል። ሦስት ሰው በአንድ ማዕድ የሚጨርሰው ከተገኘ መስመሩን ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ሊበላ የማይችል ዓሣ መግደል አያስፈልግም። በመስመሩ ላይ የተያዘው ትልቅ ሆኖ ከተገኘ፣ የተረፈው ሥጋ ወዲያውኑ እንደ ጣት በቀጠነ መጠን ተቆርጦና በጨው ታሽቶ በነፋስና በፀሐይ ላይ ይሰቀል፤ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ወደ ውስጥ ይግባ። ወፍራም ቁራጭ ውጭው ደርቆ ውስጡ ስለሚበላሽ ለዚህ አይሆንም።

በማርኬሳስም ሆነ በሌሎቹ የፓስፊክ ደሴቶች ዳርቻ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚያሰጋው ሲጓቴራ የተባለው መመረዝ ነው። መርዙ የሚመነጨው በድንጋያማና በኮራል ዳርቻ ላይ ከሚበቅል ጥቃቅን አልጌ ሲሆን፣ አልጌውን የሚበሉ ትናንሽ ዓሦች በትላልቆቹ ሲበሉ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ባራኩዳን የመሰሉ ትላልቅ አዳኝ ዓሦች ይበልጥ የሚያሰጉት በዚህ ምክንያት ነው። መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ማብሰል፣ ጨው መንስነስም ሆነ ማድረቅ አያጠፋውም። ትውከትና ተቅማጥ ከመኖሩ ሌላ፣ የእጅና የአፍ መደንዘዝ፣ ቀዝቃዛ ነገር እንደሚያቃጥል ሆኖ መሰማት ከመለያ ምልክቶቹ መካከል ናቸው፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ከአንዱ ወሽመጥ የተያዘ ዓሣ ደህና ሆኖ፣ በአቅራቢያው ካለ ሌላ ወሽመጥ የተያዘው ግን መርዛማ ሊሆን ስለሚችል፣ መልህቅ በጣላችሁበት ቦታ ሁሉ የትኛው ዓሣ እንደሚበላና የትኛው እንደማይበላ የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆች ጠይቁ። የሚነግራችሁ ሰው ባላገኛችሁበት ቦታ ደግሞ የዳርቻ ዓሣ ትታችሁ ከቆርቆሮው ብሉ።